አባቴ ያቃጠለው የእንግሊዝኛ ሰዋስው

ዛሬ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ ዘበኛ ወረቀት ሲያቃጥል ሽታው ባለሁበት አደረቀኝ።

በደርግ ጊዜ፣ የቤት ለቤት አሰሳው ሰሞን፣ አባቴ የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጽሐፌን እሳት ውስጥ ጨመረው። ራሱ የገዛልኝን! ልጅ ብሆንም ያለ አስተማሪ፣ በራሴ ጥረት፣ «ሁ»፣ «ዊች»ና «ዛት» የሚባሉት አያያዥ ቃላት መቼ እንደሚገቡ፣ መቼ እንደሚቀሩ የሚያስረዳው ምዕራፍ ላይ ደርሼ ነበር።

«አባዬ፣ ሰዋስው እኮ ነው!»

«ዝም በል! የማላነበውን ምኑን አውቄ?»

ፈታሾቹ ገብተው ትኩሱን አመድ ሲያዩ አባቴን አንቀው ያዙት። «የምን ወረቀት ነው ያጠፋኸው?»

«የእኔ የሰዋስው መጽሐፍ ነው!» አልኩ። ምዕራፉንም በእንግሊዝኛ፣ ከነምሳሌዎቹ፣ በቃሌ አንበለበልኩት። አለቃቸው እንግሊዝኛ ይሰማ ኖሮ ሳቀ።

«ልቀቁት። ይሄማ የተማሪ ነገር ነው።»

ሲወጡ አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ይስመኛል ብዬ ጠጋ አልኩት።

«ከእንግዲህ ማወቅህን ለሰው እንዳታሳይ» አለኝ።

ክው አልኩ። አባቱን ያዳነ ልጅ እንዲህ ይባላል?

ዛሬ የዘበኛው ጭስ እስኪበተን ቆምኩ። አባቴ የፈራው ለእኔ እንደነበር የገባኝ እኔም ስወልድ ነው። የአባቴን ቃል ሁሉ አክብሬያለሁ፤ «ማወቅህን እንዳታሳይ» ያላትን ግን አንድ ቀን እንኳ አልፈጸምኩለትም።