ለግብር ማቅለያ የሰጠነው አህያ

ጎረቤቴ ሐሰን አሶሳ ገበያ አጠገብ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው። ባለፈው ሳምንት አሮጌ የጭነት መኪናውን አሳጥቦ፣ ጎማውን አስነፍቶ፣ ለየቲሞች፣ ወላጅ ለሌላቸው ልጆች፣ ማሳደጊያ ሊሰጥ ሲዘጋጅ አገኘሁት። ሐሰን እጁ የማይፈታ ሰው ስለሆነ ገርሞኝ ቆሜ አየሁት። እሱም ፈገግ ብሎ፣ «አባባ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ከሰጠሁት ከግብሬ ላይ ይቀነስልኛል እኮ!» አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ። በእሱ የሳቅሁ መስሎት ፊቱ ቅጭም አለ። ስለዚህ ቁጭ አድርጌ የአባቴን አህያ ነገር አጫወትኩት። እዚህ የምጽፈውም ያንኑ ነው።

መኪና የሚባል ነገር እኛ ዘንድ ሳይደርስ፣ እኔም ጺሜ ገና ማቀምቀም ሲጀምር፣ የምንኖረው መንጌ አካባቢ ነበር። ግብራችን ወርቅ ነው። ወንዶቹ ወንዙ ዳር ጉድጓድ ይቆፍራሉ፣ ሴቶቹ አፈሩን በገበቴ እያጠቡ ወርቁን ይለያሉ። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል፣ ነሐሴ ላይ፣ የአገሩ ገዢ ግብር ሰብሳቢ በየመንደሩ እየዞረ ይረከባል። ወርቅ የጎደለበት ቤት በጉድለቱ ፈንታ አንድ ጎረምሳ ይሰጣል። ያ ልጅ ዓመት ሙሉ የገዢውን እርሻ ሲቆፍር ይከርማል። ዓመት ተብለው ሄደው በዚያው የቀሩም ነበሩ፤ ስለ እነሱ እናቶቻቸው ፊት አይወራም።

በዚያ ክረምት ወንዙ ቀድሞ ሞላና ጉድጓዶቻችንን ደፈናቸው። እናቴ የወርቁን ብናኝ የምታስቀምጥባት፣ ውስጧ ባዶ የሆነች የአሞራ ላባ አገዳ ሳትሞላ ነሐሴ ደረሰ። በቤታችን ያለው ጎረምሳ ደግሞ እኔ ብቻ ነበርኩ። ማሽላው ሲታጨድ ዘሃራን ላገባ ተቀጣጥረን ነበርና፣ አባቷ ነገሩን ሰምቶ መጣና ልጄ ዓመት ሙሉ ሰው ስትጠብቅ አትቀመጥም ብሎ በግልጽ ነገረን። አልወቅሰውም። ኋላ እኔም የሴት ልጆች አባት ሆኜ አይቼዋለሁ።

አንድ መውጫ ብቻ ነበረን። ከመንደራችን ማዶ፣ ኮረብታው ላይ፣ እኛ ኸልዋ የምንለው የቁርኣን ትምህርት ቤት ነበር። ወላጅ የሌላቸው ልጆች እየተማሩ ያድሩበታል። ለኸልዋው የጭነት እንስሳ በሰደቃ ለሰጠ ሰው ገዢው የዚያን ዓመት የወርቅ ጉድለት ይተውለታል። እኛም ሸይባ የሚባል አህያ ነበረን። ሸይባ ማለት ሽበታም ማለት ነው፤ ስሙ የወጣለት ገና በጉብዝናው ቢሆንም በዚያን ጊዜ ከስሙ ጋር ተስማምቷል።

ስለ ሸይባ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አህያ ከኋላ ሆነው ነው የሚነዱት። አባቴ ግን ከሱዳን ወገን ጨው ሲያመላልስ መንገዱ ከሰው ቁመት በሚበልጥ ሣር ውስጥ የሚያልፍ ስለነበር፣ እባብ አህያውን እንዳይነድፍብኝ ብሎ ሁልጊዜ ፊት ፊት ይሄድ ነበር። ሸይባም የአባቴን ጀርባ እያየ መሄድ ለመደ። ለእኛ ይህ የየዕለት ነገር ስለሆነ፣ አህያውን ልንሰጥ ስንመካከር ማንም ትዝ አላለውም።

ሰብሳቢው በመጣበት ቀን ኸልዋው ካለበት ኮረብታ ሥር፣ ወንዙ ዳር ተሰበሰብን። ሰውዬው ቀጭን ነው፤ በጭቃው ምክንያት ጫማውን በእጁ ይዟል። ቀደም ባለው ዓመት ሰዉ ዕውሩንም አንካሳውንም ከብት እየጎተተ አምጥቶ ግብሩን አቅልሎ ስለነበር፣ ዘንድሮ ጭኖ ሳያይ አልቀበልም አለ።

«ይህ አህያ ከአባቴ ሳይበልጥ አይቀርም» አለ ሸይባን ዞር ዞር ብሎ እያየ።

«ዕድሜው ነው እንጂ ጉልበቱ አለ» አለ አባቴ።

«እስቲ እንየዋ!»

የኸልዋው ልጆች ሁለት የውሃ ስልቻ ጫኑበትና ወደ ዳገቱ ነዱት። ሸይባ አልተንቀሳቀሰም። ገፉት፣ ጮኹበት፣ በጨንገር ነካ ነካ አደረጉት። ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። አባቴ ገመዱን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ የኸልዋው መምህር ተቆጡ።

«አንተ ሰው! ሰደቃ የሰጠኸውን ገመድ መልሰህ ልትይዝ ነው? ሐራም ነው!»

አባቴ እጁን ወደ ኋላው አጣመረ። ለእኔ የገዢው እርሻና የዘሃራ አባት ፊት አንድ ላይ ታዩኝ። አባቴ ግን ጀርባውን ለአህያው ሰጠና ዳገቱን መውጣት ጀመረ። ሸይባ ጆሮውን አቆመ። ከዚያም ውሃውን እንደተሸከመ እየተከተለው ወጣ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ።

ሰብሳቢው አልሳቀም። «አንተ ስትሄድ አየሁ» አለው። «ነገ አንተ እቤትህ ስትቀመጥ ለእነዚህ ልጆች ውሃ ማን ሊያመጣ ነው?»

አባቴ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ብዙም አልቆየም።

«እኔ እመጣለሁ» አለ።

«እስከ መቼ?»

«እሱ እስካለ ድረስ።»

መምህሩ ምስክር ሆኑና ጉድለታችን ተነሣልን። የዚያን ዕለት ማታ እናቴ የቀርከሃ ቡቃያ ቀቅላ በገንፎ አቀረበችልን። ቡቃያው በዚያ ወቅት ለጋ ነው፤ ቀስ ብሎ ምሬቱ ሲወጣለት እንደሱ የሚጥም አላውቅም። ደስታችን ልክ አልነበረውም፤ ያረጀ አህያ ሰጥተን ልጅ አስቀረን ብለን እንስቅ ነበር። ሸይባ ጥቅምትን ያያል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ሸይባ ግን አልሞተም። የኸልዋው ድርቆሽ ተስማማው መሰል ክረምት አልፎ ክረምት ሲመጣ እሱ እዚያው ነው። አባቴም ዝናብም ይሁን ሐሩር ጎህ ሲቀድ ይወጣል፣ ዳገቱን ይመላለሳል፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ እርሻው የሚመጣው። አዝኜለት አንድ ቀን ጀላቢያውን ለብሼ፣ ጥምጣሙን ጠምጥሜ በእሱ ፈንታ ሄድኩ። ሸይባ አሽትቶኝ ፊቱን አዞረብኝ። እናቴ ነገሩ ሲያንገበግባት፣ «ኧረ ይህ አህያ አይሞትም ወይ!» ትል ነበር። አባቴ ይስቃል።

እኔ ዘሃራን አገባሁ፤ ልጅም ወለድን። ሸይባ በመጨረሻ አንድ የበጋ ቀን ተኝቶ ሳይነሣ ቀረ። በማግስቱ አባቴ እንደ ወትሮው ማልዶ ተነሥቶ ሲወጣ እናቴ በሩ ላይ ያዘችው።

«አህያው እኮ ሞቷል። ወዴት ነህ?»

«ልጆቹ ውሃ አይጠጡም?» አለና ባዶውን ስልቻ ትከሻው ላይ ጥሎ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ የገባው ቃል አያስገድደውም ነበር። ጉልበቱ እስኪደክም ግን አላቋረጠም።

ለሐሰን ያጫወትኩት ይህን ነው። በስሌት መስጠቱን አልነቅፍበትም፤ አባቴም የጀመረው በስሌት ነው። እንዴት እንደጨረሰው ግን ዛሬም ሳስበው ልቤን ይነካዋል። ያ ዳገት የእኔ ዕጣ የነበረ የጉልበት ሥራ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲወጣው አንድ ቀን እንኳ ስለ አንተ ነው አላለኝም። አሁን እኔና ዘሃራ ማምሻውን ደጃፋችን ላይ ስንቀመጥ ግቢው በልጅ ልጆቻችን ጩኸት ይሞላል። እሷ ዝም በሉ እያለች ትቆጣለች። እኔ ግን ተያቸው እላታለሁ፤ አባቴ ውሃ ሲቀዳ የኖረው ለእነሱም ነው።