ሐረር የተባለው የጮሌ ቡና

ዛሬ ቡናው የበቀለበት ቀበሌ፣ አንዳንዴም የገበሬው ፎቶግራፍ ከረጢቱ ላይ ይታተማል። ወዳጆቼ ይህን እንደ አዲስ ግኝት ያወሩልኛል። እኔ ግን በደርግ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ሲሞክሩት አይቻለሁ፤ ያበላሸሁባቸውም እኔ ነኝ መሰለኝ። እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

አሰላ ተወልጄ ያደግሁ፣ ከገብስና ከስንዴ በቀር የማላውቅ ጎረምሳ ነበርኩ። እዚያው አርሲ ውስጥ፣ ከጮሌ ከተማ ቁልቁል ባለው ቆላ የቡና መጋዘን ጸሐፊ ሆኜ ተመደብኩ። ሽማግሌው ቀይ ቀዩን ብቻ እየለቀሙ፣ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ ያደርቁ ነበር። ጎረቤቶቻቸው፣ ቡናው አልጋ ላይ ሚስትየው መሬት ላይ ይተኛሉ እያሉ ይቀልዱባቸዋል። የዓመቱ ልፋታቸው ሁለት ጆንያ ነው።

ከሌላው እንዳይቀላቀልባቸው ለመኑኝ። እኔም ደግ የሠራሁ መስሎኝ ጆንያዎቹ ላይ የቀበሌያቸውን ስም በቀለም ጻፍኩ። የሌላው ሰው ጆንያ ሁሉ «ሐረር» ይላል፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

የመንግሥት የቡና ተቆጣጣሪ መጥቶ የቡና አብቃይ ቦታዎችን ዝርዝር ገለጠ። ቀበሌው የለም። አርሲም የለም። በወረቀቱ መሠረት አርሲ እህል እንጂ ቡና አያበቅልም፤ ስለዚህ ይህ በኮንትሮባንድ የገባ ነው፣ ይወረሳል አለ። የቡናው ዛፎች በመጋዘኑ መስኮት ይታያሉ። ያንኑ ስነግረው መስኮቱን አየ፤ ከዚያ መልሶ ወረቀቱን አየ። ክፉ ሰው ግን አልነበረም፤ አጠገቤ ወደ ቆሙት ሽማግሌ ዞረ።

«አባባ፣ ሐረር ነው ይበሉና ይለፍ።»

«ሐረርን አይቼው አላውቅም፣ ልጄ።»

«ቡናዎ አይቶታል።»

ሽማግሌው በኦሮምኛ ከራሳቸው ጋር ጥቂት ተማከሩና ወደ እኔ ዞሩ። እውነቱን ይናገሩ ብል ቡናው ሊወረስ ነው፤ ይዋሹ ብል ስሙ ሊጠፋ ነው። ጫማዬን አየሁ። እሳቸውም ሐረር ነው አሉ። ጆንያዎቹ ተፈትተው «ሐረር» የተባለው ክምር ላይ ተዘረገፉ።

ሲወጡ ተከተልኳቸው። ቡናው ቢወደድ የሚመሰገነው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ሐረር አልኩ። ቢጠላስ አሉ። እሱም ሐረር ነው አልኳቸው።

«እንግዲያው ከርሞ እንደ ሰው ሁሉ አፈር ላይ አሰጣለሁ» አሉና ሳቁ።

እየቀለዱ ይሁን እየዛቱ ያን ቀን አልገባኝም። አሁንም አልገባኝም።