ከማብራት በፊት እጅ ወደ ላይ

ወልድያ ኤሌክትሮኒክስ ስንማር አስተማሪያችን የማይደራደርበት አንድ ሥርዓት ነበረው። የሠራነውን ሰርኪዩት ልናበራ ስንል፣ ማብሪያውን የሚጫነው ተማሪ «ላበራ ነው፤ እጅ ወደ ላይ!» ብሎ ይጮሃል። ቤተ ሙከራው፣ እኛ ላብ የምንለው ክፍል ውስጥ ያለ ሁሉ የያዘውን ለቆ ሁለት እጁን ከራሱ በላይ ያነሳል። አንድ ሰው ጣቱን ጠረጴዛው ላይ ካስቀረ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ለትንሽ ባትሪ እንኳ! እኔ በተፈጥሮዬ ቶሎ የሚታክተኝ ሰው ስለሆንኩ ያንገበግበኝ ነበር። ምርኮኛ እንደሚይዝ ወታደር ቆጥረነው፣ ከኋላው «ማራኪው መጣ» እያልን እንስቅበታለን።

ሳቄን ያስተወኝ አንድ ካፓሲተር ነው። አብራኝ የምትሠራው ግራና ከምትባለው ከተማ የመጣች ልጅ ነበረች። ኮረንቲ የምታጠራቅመውን ያቺን ትንሽ ቆርቆሮ መሳይ ዕቃ ገልብጠን ሰክተናት ኖሯል። ልጅቷ በጣቷ ጫን እንዳደረገቻት «እጅ ወደ ላይ!» ተባለ። ሁላችንም አነሳን። ጧ! የካፓሲተሩ ልባስ ተስፈንጥሮ ጣሪያውን መታ። ክፍሉ በሚሰነፍጥ ጭስ ተሞላ። ልጅቷ እጇን ማውረድ አቅቷት «ወላሂ፣ አሁን ጣቴ እዚያ ነበር» ትላለች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከደሜ ጋር ተዋሐደ። መርሳ ከተማ ቤታችን ስሄድ ሶኬት ልነካ ስል እጄ በራሱ ይነሳል። እናቴ አይታኝ በሳቅ ትሞታለች። «ሶላት ልትጀምር ነው እንዴ ልጄ? ፊትህን አዙር፤ ቂብላው ወዲያ ነው!»

ከአናሎጉ ይልቅ ዲጂታሉን ወደድኩ። አናሎግ ላይ ሞገዱ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ልኩን ለመያዝ ፍዳ ነው። ዲጂታል ግን ወይ አንድ ነው ወይ ዜሮ፣ ወይ አለ ወይ የለም። የሚቆጥር ሰርኪዩት እየሠራሁ ሳለ ጦርነቱ ወልድያ ደረሰ። ሥራዬን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ትቼ፣ በሲሪንቃ አድርጌ በእግሬ መርሳ ገባሁ።

ጦርነቱ ግን እኛም ዘንድ መጣ። ታጣቂዎች ቤት ለቤት ይፈትሹ ጀመር። ወጣት ወንድ ይወስዳሉ ስለተባለ እናቴ ከጓሮ የማሽላ አገዳ ክምር ውስጥ ከተተችኝ። ውስጡ ሆኜ የግቢያችን በር ሲበረገድ ሰማሁ። ከዚያ አንድ የማላውቀው ድምፅ፦

«እጅ ወደ ላይ!»

ክው አልኩ። ቃሉ የእኛ ነው፣ የላቡ ነው። ይህ ሰው ከየት አመጣው ብዬ ተናደድኩ፤ በዚያ ሰዓት ለዚያ መናደዴ አሁንም ይገርመኛል።

«ማን አለ እዚህ ቤት?»

«ልጅ የለኝም» አለች እናቴ። «ብቻዬን ነኝ። ወላሂ፣ ብቻዬን ነኝ።»

እናቴ በዕድሜዋ በውሸት ምላ አታውቅም። ሬዲዮናችንን ይዘው ሄዱ። እሷም ስለዚያ ቀን አንድም ነገር ሳትተነፍስ ቀረች፤ እኔም አልጠየቅኋት።

ታጣቂዎቹ ከአካባቢው ከለቀቁ በኋላ ወልድያ ሄጄ ላቡን አየሁት። የሞገድ ማሳያው የለም፣ የመለኪያው መሣሪያ የለም፣ ሶኬቶቹ ሳይቀሩ ከግድግዳው ተነቅለዋል። ቀለማም ሬዚስተሮች ብቻ እንደ ተደፋ ምስር ወለሉን ሞልተውታል። ጠረጴዛዬን ልፈልግ ገብቼ ጠረጴዛም አጣሁ። አልቅሼ መርሳ ተመለስኩ።

መርሳም ኮረንቲ ከጠፋ ወራት ሆኖታል። ሰዉ ኮረንቲ የሚባል ነገር እንዳለም ረስቷል። በውጊያው ከምሰሶ የተፈታውን ሽቦ አንዱ ፍየል አስሮበታል፣ ሌላው አጥር ጠፍሮበታል። የእኛ ቤት መስመርም ከጣሪያው ተነቅሎ ወድቆ ነበር። እናቴ ጫፉን ከማንጎው ዛፍ ጋር አስራ የልብስ ማስጫ አደረገችው። ሌላው ጫፍ ግን አሁንም ምሰሶው ላይ ነው፤ ፕላስቲኩም እዚህም እዚያም ተልጧል። ጠቅልዬ ሰቀልኩት። መልሳ ወጠረችው። ደግሜ አነሳሁት። ደግማ ወጠረችው።

«እማ፣ ይሄ ነገር ይገድልሻል!»

«የሞተ ሽቦ ምን ያደርገኛል? ገመዱንማ ጎረቤቶች ሲሸሹ ዕቃ ጠፍረውበት የት እንደቀረ አላህ ይወቀው።»

«አልሞተም፤ ዜሮ ላይ ነው ያለው። ድንገት አንድ ይሆናል።»

«አብሽር! ኮረንቲው ሲመጣ ያን ጊዜ አነሳዋለሁ» ብላ በትምህርቴ ሳቀችብኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ ሆኜ በመስኮት አያለሁ። የጎረቤታችን ባለሱቅ አምፖል ብልጭ ብሎ ጠፋ። ሰፈሩ በእልልታ ተቀወጠ። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ኮረንቲ እንዲህ ሞክሮ ሲጠፋ ወዲያው ተመልሶ ይመጣል። ወደ ግቢው ሮጥኩ። እናቴ ሳፋው ላይ የምትጨምቀውን ልብስ ትታ ተነስታለች። ቃሏን ልትጠብቅ ኖሯል፤ ኮረንቲው መጣ ብላ ሽቦውን ልታነሳው ነው። እልል እያለች በሁለት እርጥብ እጇ ጨብጣዋለች።

ልደርስባት አልችልም። «ልቀቂው» ብላት «ምኑን?» ማለቷ አይቀርም። አፌ የሚያውቀውን ጮኸ።

«እጅ ወደ ላይ!»

እልልታዋ ተቆረጠ። ሁለቱም እጆቿ በአንድ ጊዜ ሰማይ ወጡ። የለቀቀችው ሽቦ ተወዛውዞ ከቆርቆሮው አጥር ጋር ሲላተም ኮረንቲው ተመልሶ መጣ። ሰማያዊ እሳት ተፈናጠረ፣ ሽቦው ተበጥሶ ወደቀ። ደርሼ ትከሻዋን ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኳት። እስቃለሁም አለቅሳለሁም። ተርፋለች! ያ የምንስቅበት ሥርዓት እናቴን አተረፈልኝ።

እጇን ግን አላወረደችም። ፊቷ አመድ መስሏል፣ ዓይኗን ጨፍናለች።

«እማ፣ እኔ ነኝ» አልኳት። «አለቀ። እጅሽን አውርጂ።»

ከግቢያችን ውጭ ሰፈሩ አሁንም እልል ይላል።

«ልጅ የለኝም» አለች። «ወላሂ፣ ብቻዬን ነኝ።»