የበሶው ክፍል

ባለፈው ኅዳር ንፋስ መውጫ ላይ ባጃጄን ይዤ ተራ ስጠብቅ አንድ የኮሌጅ ተማሪ ድምፅ ማጉያ ተሸክሞ መጣ። እስከ ኮሌጁ በር አድርሰኝ አለኝ። ገና ሳንንቀሳቀስ ወሬ ጀመረ። የኤች አይ ቪ ክበባቸው እንደገና ሊከፈት ነው፤ ፕሮጀክት ተገኝቷል፤ ክፍልም ተሰጥቷቸዋል። ደስታው ከፊቱ ይነበብ ነበር። ስለ እንዲህ ያለ ክፍል ሲወራ እህቴ ትመጣብኛለች።

ሰብለ ትባል ነበር። እኔ እታለም ነበር የምላት። ከሰማዳ ነን፣ ከወገዳ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ። እዚሁ ኮሌጅ በገባች በዓመቱ ቫይረሱ እንዳለባት አወቀች። ከየት እንደመጣ አልጠየቅናትም። አባቴ ‘ከብት ሲጠፋ ዱካው ይፈለጋል፣ ሰው ሲታመም ይታከማል’ ብሎ ነገሩን ዘጋው።

መድኃኒቱ አልከበዳትም። የከበዳት የምትውጥበት ቦታ ማጣቷ ነው። በመኝታ ክፍላቸው የአንዷን ሻንጣ ሌላዋ ስኳር ፍለጋ ትከፍተዋለች። ጤና ጣቢያው ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት ነው፤ ወረፋው ከመንገድ ይታያል። መላ ያበጀው ያኔ በአንድ ፕሮጀክት ይደገፍ የነበረው የኤች አይ ቪ ክበብ ነበር። የፕሮጀክቱ ነርስ መድኃኒቱን ከጤና ጣቢያው እያመጣች በክበቡ ክፍል ቁም ሳጥን ውስጥ ታስቀምጥላቸዋለች። አመሻሽ ላይ የክበቡ አባል ሁሉ ተሰብስቦ በሶ ይጠጣል። ኪኒን ያለበትም የሌለበትም ኩባያ ያነሳል። ማን ኪኒን እንደሚውጥበት የሚለይ የለም። በሶ ደግሞ ጾምም አያግደውም። እታለም ይህን ካገኘች በኋላ የሚፈሩ ልጆችን እየለመነች ታስገባ ነበር።

የፕሮጀክቱ አስተባባሪ አቶ ደሳለኝ አንድ ጊዜ ቤታችን መጥቷል። አባቴ አብልቶ አጠጥቶ ሲያበቃ ተነሥቶ፣ “ልጄን አደራ” አለው።

“አባባ፣ የርስዎ ልጅ ለኔ እህቴ ናት” አለ። “ክበቡ አይዘጋም። ይህን በኔ ይጣሉት።”

በዓመቱ ታኅሣሥ፣ ገብሱ እንደተወቃ፣ አዲስ በሶ ይዤላት ሄድኩ። አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ከወገዳ እህል የጫነ አይሱዙ ላይ ወጣሁ፤ ስደርስ ቅንድቤ ሳይቀር አቧራ ነበር። ክፍሉ ተቆልፏል። በመስኮቱ ሳይ ኳስና መረብ ብቻ ነው። እታለምን ልብስ ስታሰጣ አገኘኋት።

“ክፍሉ ምን ሆነ?”

“ተጠናቀቀ ተባለ።”

“ምኑ?”

“እኔ እንጃ። እኛ ግን አልተጠናቀቅንም” ብላ ሳቀች። “ቄስ መስለህ መጣህ እኮ ወንድምዓለም፣ ጢምህ ሁሉ ነጭ ሆኗል።”

“ኪኒኑስ?”

“አለ፣ ሻንጣዬ ውስጥ።” ወደኔ ሳታይ ነው የመለሰችልኝ። የያዘችውን ልብስ አስጥታ፣ “እኔን አምነው የገቡት ልጆች አሁን ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ” አለች።

ወደ ኮሌጁ ኃላፊ ሄድኩ። “እኛ የተረከብነው ቁልፍ ነው፣ በጀት አይደለም” አሉኝ። አቶ ደሳለኝን ፈልጌ እዚያው ከተማ፣ የችግኝ ፕሮጀክት ላይ አገኘሁት። አቅፎ ሳመኝ፤ ሽሮ ጋበዘኝ።

“እኛ አስረክበናል” አለ። “ከዚህ በኋላ ማስቀጠል የኮሌጁ ነው።”

“እንደሚዘጋ መቼ ነው ያወቁት?”

የእንጀራውን ጠርዝ ሲቆርስ ቆየ። “ፕሮጀክት እኮ ጊዜ አለው። ከመጀመሪያው ይታወቃል።”

“ለአባቴ አይዘጋም ብለውት ነበር።”

“ሽማግሌ ፊት ምን ይባላል? አባባ ደህና ናቸው? ሰላም በልልኝ።”

እንዴት ልበል። ሽሮውን ጨርሼ ነው የተነሣሁት። ርቦኝ ነበር።

ቤት ተመልሼ ሁሉንም ለአባቴ ነገርኩት። አላመነኝም። “ከቤቴ የበላ ሰው አደራ አይበላም” አለ። ሄዶም አያት፤ ለሱም ‘እየዋጥኩ ነው’ አለችው። አልነበረም። ያቆመችው ክፍሉ ከተዘጋ ብዙም ሳይቆይ ነው። በክረምቱ ከስታ መጣች። ወገዳ ጤና ጣቢያ እንደገና ቢያስጀምሯትም ሳንባዋ ተጎድቶ ነበር። የፍልሰታን ጾም ሳትፈታ አረፈች።

አቶ ደሳለኝ ለቅሶ መጣ። አባቴ አጠገቡ አስቀመጠው።

“አቶ ደሳለኝ፣ ዘጋችሁት እንዴ?” አለው፣ ከእርሱ አፍ ሊሰማው ፈልጎ።

“አባባ፣ እኔ ተቀጣሪ ነኝ። ምን ላድርግ?”

“እኔ አደራ የሰጠሁት ለተቀጣሪ አይደለም። ለሰው ነው” አለው አባቴ። ከዚያ ወዲህ አላነጋገረውም፤ ግን ምሳ ሳይበላ እንዲሄድም አልፈቀደም።

አቶ ደሳለኝ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ጠልቼው አርፍ ነበር። ክፉ አልነበረም። የመዝጊያውን ቀን ብቻ ሸሸገን። ቀኑን ብታውቅ ኖሮ እታለም ሌላ መላ ትፈልግ ነበር። መላ መፈለግ የማይሰለቻት ሰው ነበረች።

ኮሌጁ በር ስንደርስ ተማሪው ግባና እይ አለኝ።

“የሚዘጋው መቼ እንደሆነ ነግረዋችኋል?” አልኩት።

“ገና ሳይከፈት?” ብሎ ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ሳቁን ተወ። “ለምንድን ነው የጠየቅኸኝ?”

ሞተሩን አጠፋሁና ነገርኩት።