የልጄ ዓይንና ዝም ያለችው ብዕር

ይህ የሆነው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፍኖተ ሰላም ላይ ነው። ልጄ ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ እኔ ግን ያን ቀን ሳስታውስ እስካሁን ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

የምንኖረው ከቡሬ ወጣ ብሎ በገጠር ነበር። ልጄ እናኑ ስምንት ዓመቷ ሳለ፣ ጀንበር ስትጠልቅ በሩ እንደሚጠፋት አስተዋልሁ። ጎረቤቴ ዳፍንት ነው፣ ጉበት አብያት አለችኝ። ጊዜው ሁዳዴ ነበርና ፋሲካን ጠበቅሁ። ከፋሲካ በኋላ ባበላትም አልተሻላትም። በማዘግየቴ የልጄን ዓይን ያጠፋሁ እኔ ነኝ ብዬ አመንሁ። በጾሙ የተጸጸትሁ እንዳይመስልብኝ ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርሁም።

አንድ የዓይን ሐኪም መሣሪያ ይዞ ፍኖተ ሰላም መጥቷል ሲባል ከባለቤቴ ጋራ ወሰድናት። ሐኪሙ ሦስታችሁንም ልመርምር አለ።

በጠራራ ፀሐይ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኖ ጨለማ ውስጥ አስቀመጠን። ዓይናችሁ ጨለማውን ይልመድ ብሎ ብዙ አቆየን። እኔ ቀስ በቀስ የሐኪሙን ነጭ ጋዋን ለየሁ። እናኑ ግን እጄን ጨብጣ፣ «እማ፣ አሁንም አለሽ?» ትለኛለች።

ዓይኔን አደንዝዞ ሽቦ ያለው ስስ ነገር አኖረበት። ደካማ መብራት ብልጭ ሲል፣ ከዓይኔ የሚወጣውን ኤሌክትሪክ የመሣሪያው ብዕር በወረቀት ላይ ትጽፈዋለች። ቃል ሳልተነፍስ ብዕሯ ጫር ስታደርግ ሰማኋት።

የእናኑ ተራ ሆነ። መብራቱ ብልጭ አለ፤ ብዕሯ ዝም። ደግሞ ብልጭ አለ፤ ዝም። ልጄ ዓይኗን ገልጣ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ብዕሯ ግን እንደሌለች ቆጠረቻት።

ባለቤቴ ተቀመጡ። አሁንም ዝም። ሐኪሙ መሣሪያው ተበላሽቶ እንዳይሆን ብሎ እኔን ደገመኝ፤ ብዕሯ ጻፈች።

ከጨለማው ውስጥ የባለቤቴ ድምፅ መጣ።

«እኔም ሲመሽ አላይም። ከልጅነቴ ነው።»

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኋቸው።

«ሽማግሌ በላክሁ ጊዜ ብናገር አባትሽ በከለከሉኝ ነበር። ኋላማ አፈርሁ።»

ዐሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ጣራ ኖረናል። ማታ ከቤት የማይወጡት በጭምትነት ነው ብዬ በጎረቤት ፊት እመካባቸው ነበር። ጉበቱን ሳበላትም አጠገቤ ተቀምጠው ያዩ ነበር።

ሐኪሙን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት፤ ጉበቱን ስላዘገየሁ ነው ወይ ብዬ። አይደለም አለኝ። ከአባቷ የወረሰችው ነው፣ ጉበት አያድነውም፣ ኋላ ደማቅ መብራት ሳበራባት ግን ብዕሯ ጽፋለች፣ ስለዚህ አትታወርም አለ።

ከፍኖተ ሰላም ተመልሰን ከቡሬ ወደ ቤታችን በእግር ስንሄድ ጀንበር ጠለቀች። አንድ እጄን ለአባት፣ አንድ እጄን ለልጅ ሰጠሁ። ባለቤቴ በሰው ፊት እጄን ሲይዙ የመጀመሪያቸው ነበር።

አሁን ዐርፈዋል፤ ቂም አልያዝሁባቸውም። ያ ጨለማ ክፍል ዛሬም ያስፈራኛል። ሸክሜ የወረደልኝ ግን እዚያው ነውና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።