እትዬ ሃርምከ ከታች የተቀመጡ ዕለት

መዝሙር ከመጀመሩ በፊት ቤተ ክርስቲያናችን ትንፋሽ ትስብ ነበር። ከኦርጋኑ ጀርባ መጀመሪያ እንጨት ሲጥ ይላል፤ ቀጥሎ ረጅም የአየር ድምፅ፣ ልክ ሸክሙን እንዳወረደ ሰው፣ እፎይ ሲል ይሰማል። ያን ጊዜ ሁላችንም የናና ከረሜላችንን በምላሳችን ወደ ጉንጫችን ገፋ አድርገን ለዝማሬ እንነሣለን። ይኸው ስንት ዘመን አልፎ፣ ናና በሸተተኝ ቁጥር ያ ትንፋሽ በጆሮዬ ይመጣል።

ትንፋሹን የሚሰጡን እትዬ ሃርምከ ነበሩ። በሌላው መንደር ለኦርጋን የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ከገባለት ቆይቷል፤ በእኛዋ መንደር በኦስተርዌርት ግን ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ለሠላሳ አራት ዓመት ወናፉን የረገጡት እሳቸው ናቸው። ወደ ኦርጋኑ ከሚያወጣው ከቤተ ክርስቲያኑ ማማ ደረጃ ሥር ጫማቸውን አውልቀው በወፍራም የሱፍ ካልሲ ይወጣሉ። ከኦርጋኑ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ሦስት ትልልቅ ወናፎች አሉ። ከእያንዳንዱ የወጣውን ረጅም እንጨት በሰውነታቸው ክብደት ተጭነው ወናፉን ያነሡታል፤ ከዚያም ቀስ ብለው ለቀው ወደሚቀጥለው ይሻገራሉ።

«ወናፍ እንደ ሕፃን ነው» ይሉ ነበር። «አስተኝተሽው ከአጠገቡ ቀስ ብለሽ ካልተነሣሽ ያለቅሳል።»

ክፍሏ መስኮት የላትም። እዚያ ውስጥ የሚሰማው የእንጨትና የቆዳ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማውን የሚያውቁት ወለሉ ከእግራቸው ሥር ሲርድ ነው። በዚህ ምክንያት ያን ኦርጋን ከማንም በላይ የሚያውቁት ሴት አንድ ቀን እንኳ ከፊት ለፊት ሆነው ሰምተውት አያውቁም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ የሰበካው ጉባኤ ከከተማ መርማሪ ጠራ። ኦርጋኑ አርጅቷል፤ የአንዳንዱ ቧንቧ አንገት ዘሟል፣ ቆዳውም ተጣጥፏል። ሰውዬው ነፋሱ ይጸናል ካለ ይጠገናል፤ አይጸናም ካለ ግን ይቆለፍና በምትኩ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሣጥን ይገዛል። መንደሩ ሳምንቱን ሙሉ እንደ ሠርግ ቤት ሲተራመስ ሰነበተ። ናሱን ወለወልን፣ ወለሉን አጠብን፣ የሸረሪት ድር እያባረርን ተሳሳቅን።

መርማሪው በመጣበት ጠዋት፣ በዚህ ግርግር መካከል ነው ለቄስ ፎልከርት መልካም ሐሳብ የመጣላቸው።

«ዛሬ እትዬ ሃርምከ ከታች ይቀመጡ» አሉ። «በዕድሜያቸው አንድ ቀን ይስሙት እንጂ። እኔ እረግጣለሁ።»

ሁላችንም አጨበጨብን። ኦርጋኑን የሚጫወተው ኤፖ ብቻ ራሱን አከከ።

«ቄስ፣ ይህ እንደ ስብከት አይደለም። ሰው ቢያንቀላፋ እንኳ እርስዎ ማንቀላፋት አይችሉም።»

«ተወኝ ባክህ፣ ስንት ዘመን ብስክሌት የነዳ እግር ይህ አያቅተውም።»

እትዬ ሃርምከን ከእኔ አጠገብ አስቀመጥናቸው። ጥቁር ባርኔጣቸውን ደፍተዋል፤ እጃቸውን የሚያደርጉበት ጠፍቷቸዋል።

«ወዴት ልይ?» አሉኝ።

«የትም። ዝም ብለው ይስሙ።»

«እግሬ ሥራ ፈታ።»

ኤፖ ጀመረ። ትልልቆቹ ቧንቧዎች ሲያጉረመርሙ መቀመጫው ነዘረን። እትዬ ሃርምከ እጄን ጨመቁት።

«ይኼ ነው እንዴ? ይህን ሁሉ የምልከው እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ታዲያ ኤፖ ምን ሆኜ ልሙት ይላል!» አሉና ሳቃቸውን በመሐረብ አፈኑት። ዓይናቸው እንደ ኮረዳ ዓይን ያበራ ነበር።

ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ሦስተኛው ላይ ደግሞ ዝናብ እንደ መታት በግ ይጮኽ ጀመር። ከፊታችን የተቀመጠው መርማሪ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አንሥቶ ጻፈ፤ ወደ ጉባኤው ሰብሳቢም ዘንበል አለ።

«ነፋሱ አልቋል፤ ወናፎቹ ጨርሰዋል። አንድ መዝሙር ልጨምርና እፈርማለሁ።»

ሰብሳቢው ባርኔጣውን በጉልበቱ ላይ አዞረው።

«ምንም አልጨረሱም» አሉ እትዬ ሃርምከ በጥርሳቸው። «ቄሱ እንደ ብስክሌት እየረገጧቸው ነው።»

«ልነሣና ልንገራቸው?»

«ምን ብለሽ? በወሬ ነፋስ አይጸናም።»

ቀና ብለው ኦርጋኑን አዩት። የመስኮቱ ብርሃን ከቧንቧዎቹ ላይ አርፏል። እሳቸው ወደ ላይ ከወጡ ኦርጋኑ ይድን ይሆናል፤ ከዚያች መስኮት አልባ ክፍል ግን የሚሰሙት ያው የእንጨት ሲጥታ ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ።

«ቀጣዩ የትኛው ነው?»

«ያ ረጅሙ፣ የባሕሩ መዝሙር።»

«እሱን ነበር የምጠብቀው።» ከቦርሳቸው አንድ የናና ከረሜላ አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩት። «በይ ይህን ጉረሺ። እስኪሟሟ ድረስ ደህና አድርገሽ ስሚልኝ፤ ኋላ አንድ በአንድ ትነግሪኛለሽ።»

ከላይ ኤፖ ለሁለተኛው መዝሙር ሲሰናዳ ይሰማል። ከረሜላውን ጎርሼ «እሺ» ልላቸው ዞር ስል ቦታቸው ባዶ ነበር። የማማው በር ገና ይወዛወዛል፤ ከደረጃው ሥር ጫማዎቻቸው ተጥለዋል፣ አንዱ ቆሞ፣ አንዱ በጎኑ ወድቆ።