ትምህርት ቤቱ የተቃጠለ ዕለት

ጣሊያን ደብረ ታቦርን ከያዘ በኋላ፣ በጋፋት በኩል ባለችው መንደራችን ትምህርት ቤት ይከፈት ተባለ። ትእዛዙን ያመጡልኝ የመንደሩ ጭቃ ሹም ናቸው። እኔ ያኔ ከቅኔ ቤት ገና የተመለስኩ ዲያቆን ነበርኩ።

«ፊደል አስቆጥር፤ ሌላ የምጠይቅህ የለም» አሉኝ።

«ለጠላት አላስተምርም።»

«ልጆቹ የኛ ናቸው» ብለው ሄዱ። በማግስቱ ሁለት ወታደሮች መጥተው እያዳፉ ወሰዱኝ።

ማስተማሪያው አንድ አርበኛ ዱር ሲገባ ጥሎት የሄደ ሰፊ የሣር ቤት ነበር። ጭቃ ሹሙ ለጣሊያኖቹ «ባለቤቱ ሞቷል፤ ዘመድም የለው» ብለው ዋሽተዋል። ሚስቱና የአሥር ዓመት ልጁ ግን እዚያው መንደር ውስጥ፣ ከሴትዮዋ አባት ዘንድ ተጠግተው ይኖሩ ነበር። ልጅቱም ተማሪዬ ሆነች። በገዛ ቤቷ፣ ድሮ ትተኛበት በነበረው መደብ ላይ ተቀምጣ ሀ ሁ ትላለች። ጠዋት ጠዋት ልጆቹ ግድግዳው ላይ ለተሰቀለው የጣሊያን ንጉሥ ሥዕል እጃቸውን ዘርግተው ሰላምታ ሲሰጡ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ጭቃ ሹሙን በልቤ ባንዳ እላቸው ነበር። መንደሩም እንዲሁ።

በሁዳዴ፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ የልጅቱ አባት፣ አርበኛው፣ ከሦስት ጠመንጃ ያዦች ጋር ገባ። አንድም ቃል ሳይናገር በሰደፍ ደረቴን አለኝ። ወደቅሁ። ሁለተኛው አፌ ላይ አረፈና ሁለት ጥርሴ ወለቀ። ሦስተኛውን ሲሰነዝር ልጅቱ ተነሳች።

«አባዬ፣ የኔታ እኮ ማንበብ አስተማሩኝ።»

እጁን አወረደ። ግድግዳው ላይ በከሰል የጻፍኩትን አሳያት፤ አነበበችለት። እሱ ፊደል አያውቅም። ከዚያ ሁላችንንም አስወጥቶ በገዛ እጁ ጣራው ላይ እሳት ለቀቀበት።

«ማን አቃጠለው ሲሉህ ስሜን ንገራቸው፤ መንደሩን እንዳይነኩ» አለኝ። «ሚስቴንና ልጄን ማታ አስወስዳቸዋለሁ።»

ጣሊያኖቹ ግን እስከ ማታ አልቆዩም። ጭሱ ሳይበርድ ወታደር የጫነ መኪና ደረሰ። ወንዶቹን ሁሉ ሜዳ ላይ አሰለፉን። አስተርጓሚው ማን እንዳቃጠለው ጠየቀኝ። ልጅቱ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ቆማ ትታየኛለች።

«ፊታቸውን ሸፍነው ነበር፤ አላወቅኋቸውም» አልኩ።

ቀኝ እጄን ድንጋይ ላይ አጋድመው ጣቶቼን በሰደፍ አንድ በአንድ ቀጠቀጡ። ሦስተኛው ላይ ስሙ አፌ ላይ መጣ። ልናገር ነበር፤ ይህን ዛሬም አልደብቅም።

ጭቃ ሹሙ ከሰልፉ ወጡ። «እሱን ተዉት። ቤቱን ጠብቅ የተባልኩት እኔ ነኝ» አሉ።

«ማን አቃጠለው?»

«አላውቅም።»

መኮንኑ ሌላ አልጠየቀም። እዚያው፣ ሚስታቸው እያዩ፣ ሁለት ጊዜ ተኮሰባቸው። አስከሬናቸውን ሦስት ቀን እንዳናነሳ ተከለከልን። ሚስታቸው ውሻና አሞራ እየከለከሉ አጠገባቸው ተቀመጡ። እናትና ልጅ ያንኑ ዕለት ሲመሽ ወደ ዱር ተሻገሩ።

ጠላት ሲወጣ አባትየው ተመለሰ። መንደሩ ግን ጭቃ ሹሙን ባንዳ ማለቱን አልተወም፤ የሚስታቸውን እርሻ ሊነጥቅ የተነሳም ነበር። ሄጄ ለአባትየው የሆነውን ሁሉ ነገርኩት።

«ስሜን ንገር ብዬህ አልነበረም?» አለኝ።

«ልጅህስ?»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ሕዝቡ ፊት ቆመ። «ያን ቤት ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ጭቃ ሹሙ የሞቱት ሚስቴንና ልጄን ሸሽገው ነው» አለ። ሌላም መናገር ቀጠለ።

የጭቃ ሹሙ ሚስት እስኪጨርስ አልጠበቁም። ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። ተከተልኳቸው።

«አንተስ እስከ ዛሬ አፍ አልነበረህም?» አሉኝ።